የአየር ጠመንጃ ፈቃድ ይፈልጋል? መስመሩ የት ይሰመር

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ አየር ጠመንጃ ወሬ ከተነሣ ሁለት ነገር መሰማቱ አይቀርም። አንዱ «ኧረ ተው! ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ባሩድ ለሌለው ነገር ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?» ይላል። ሌላው «ጠመንጃ ጠመንጃ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከተገኘብህ ትጠየቃለህ» ብሎ ይቆርጠዋል። በርጫ ላይም ይሁን ሱቅ በር ላይ ክርክሩ እዚሁ ይቆማል።

ሁለቱ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ አይደለም። አንዱ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ለዒድ ወይም ለገና ለልጅ የሚገዛውን የፕላስቲክ ሽጉጥ ነው። ሌላው የሚያስበው ጅግራ የሚጥለውን፣ ባለ ረጅም አፈሙዙን መሣሪያ ነው። ሁለቱም «ኤርገን» ይባላሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው።

ስለዚህ «ፈቃድ ይኑረው ወይስ አይኑረው» ከማለት በፊት ስለ የትኛው ዕቃ እንደምናወራ መለየት አለብን። ክርክሩ ግማሽ በግማሽ የሚፈታው እዚያ ላይ ነው።

አራት ዕቃ፣ አንድ ስም

በገበያ ላይ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ቢያንስ አራት ዓይነት ዕቃዎች አሉ።

የመጀመሪያው መጫወቻው ነው። ቀላል ፕላስቲክ፣ ደካማ ሞላ፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ድቡልቡል ጥይት። ሁለተኛው ኤርሶፍት የሚባለው ነው። እሱም የፕላስቲክ ድቡልቡል ይተኩሳል፤ ግን ጠንከር ያለ ነው፤ መልኩም ከእውነተኛ ሽጉጥ ወይም ክላሽ አይለይም። በሌላ አገር አዋቂዎች መከላከያ መነጽር አድርገው የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱበታል።

ሦስተኛው ዋናው የአየር ጠመንጃ ነው። የሚተኩሰው ብረት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከእርሳስ የተሠራ፣ ወገቡ የቀጠነ ትንሽ ጥይት። የተለመዱት መጠኖች 4.5 ሚሊ ሜትርና 5.5 ሚሊ ሜትር ናቸው። አንዳንዱ ድቡልቡል የብረት ጥይት ይጠቀማል።

አራተኛው የአየር ጠመንጃ አይደለም፤ ግን በወሬ ከእሱ ጋር ይደባለቃል። የድምፅ ሽጉጥ ነው። ባሩድ አለው፤ ይጮኻል፤ ጥይት ግን አያወጣም። አደጋው ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ተሰርስሮ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ይደረጋል። በቱርክ የተሠሩ የድምፅ ሽጉጦች በኮንትሮባንድ ወደ አፍሪካ ቀንድ መግባታቸው ተመዝግቧል። ስለዚህ ፖሊስ «መጫወቻ ነው» የሚባል ሽጉጥ ሲያገኝ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ያለ ባሩድ እንዴት ይገድላል?

ባሩድ የሚሠራው ተቃጥሎ ጋዝ በመፍጠር ነው። ጋዙ ይሰፋል፤ ጥይቱን ይገፋል። የአየር ጠመንጃም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ጋዙ ከቃጠሎ ካለመምጣቱ በቀር።

ሦስት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው ተኳሹ አፈሙዙን ወደ ታች አጥፎ ወይም የጠመንጃውን ማንሻ ጎትቶ ጠንካራ ሞላ ይጨምቃል። ቃታው ሲሳብ ሞላው ይፈታል፤ ከፊቱ ያለውን አየር በቅጽበት ይጨምቃል፤ አየሩ ጥይቱን ያስፈነጥረዋል። በሁለተኛው ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቆርቆሮ እጀታው ውስጥ ይገባል። ሽጉጦቹ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው። በሦስተኛው ጠመንጃው ራሱ የታመቀ አየር የሚይዝ ሲሊንደር አለው። የአየሩ ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ 200 ባር መሙላት የተለመደ ነው። የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል አካባቢ ነው የሚይዘው።

«አየር ምን ያደርጋል» ለሚል ሰው ታሪክም መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ የኦስትሪያ ጦር ጂራንዶኒ የሚባል የአየር ጠመንጃ አስታጥቆ ነበር። በአንድ ጊዜ ወደ 20 የሚጠጋ ጥይት ይጎርሳል። የዚያ ዘመን የባሩድ ጠመንጃ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እንደገና መሞላት ነበረበት። በ1804 አሜሪካን አቋርጦ የሄደው የሉዊስና የክላርክ የአሳሾች ጓድም የአየር ጠመንጃ ይዞ ነበር። ስለዚህ «ባሩድ የለውም» የሚለው ነገር ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ጉልበቱ አይነግረንም።

ጁል የሚባለው መለኪያ

የአንድን ጥይት ጉልበት የምንለካው በጁል ነው። ጁል የኃይል መለኪያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጥይቱ ክብደት በፍጥነቱ ካሬ ይባዛል፤ ከዚያ ለሁለት ይካፈላል። ቁም ነገሩ «ካሬ» የሚለው ላይ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። ግማሽ ግራም የምትመዝን የእርሳስ ጥይት በሰከንድ 100 ሜትር ብትሄድ ጉልበቷ 2.5 ጁል ነው። በሰከንድ 200 ሜትር ብትሄድ 10 ጁል ይሆናል። 0.2 ግራም የምትመዝን የፕላስቲክ ድቡልቡል ደግሞ በዚያው በሰከንድ 100 ሜትር ብትሄድ 1 ጁል ብቻ ናት። እንግዲህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ብቻ አይቶ «ይሄ ከዚያ ይሻላል» ማለት ያሳስታል።

ለማነጻጸር ያህል፣ የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,000 ጁል አካባቢ አለው። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ወደ 500 ይጠጋል። የኦሎምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ 7.5 ጁል አካባቢ ነው። ይህ ውድድር ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጀምሮ አለ። ለአደን የሚሠሩት ባለ ሲሊንደሮቹ ግን 30፣ 40፣ ከዚያም በላይ ይወጣሉ። በጣም ትልልቆቹ ብዙ መቶ ጁል ይደርሳሉ፤ ያ እንግዲህ ከሽጉጥ ጋር የሚፎካከር ነው።

ከመጫወቻው እስከ ትልቁ ድረስ ያለው ርቀት ይህን ያህል ከሆነ አንድ ሕግ ለሁሉም እኩል ይሥራ ማለት አስቸጋሪ ነው። ሁሉንም ነፃ ብናደርግ ሽጉጥን የሚተካከል መሣሪያ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ሁሉንም በፈቃድ ብናደርግ ደግሞ ፖሊስ የሕፃን መጫወቻ ሲመዘግብ ሊውል ነው።

ጉዳቱ ማን ላይ ነው?

«ክላሽ በሚዘዋወርበት አገር ስለ አየር ጠመንጃ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሐሳብ አለ። መሠረት የሌለው ሐሳብ አይደለም። የአገሪቱ ዋና የመሣሪያ ችግር ሌላ መሆኑን ማንም ያውቃል። ነገር ግን የአየር ጠመንጃን ከክላሽ የሚለየው የሚይዘውም ሰው ነው። ክላሽን አባት ለልጁ ገዝቶ አይሰጥም። የአየር ጠመንጃ ግን ብዙ ጊዜ ልጅ እጅ ላይ ይገኛል። የሚተኮሰውም ጓደኛ ባለበት፣ ግቢ ውስጥ ወይም ሰፈር ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ የሚጎዳው ዓይን ነው። ቆዳን ለመብሳት ከሚያስፈልገው ያነሰ ፍጥነት ዓይንን ለማጥፋት ይበቃል። ደካማ የሚባለው ኤርሶፍት እንኳ ያለ መነጽር ዓይን ላይ ካረፈ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ጠንከር ያለው የራስ ቅልንም ይበሳል፤ በተለይ የሕፃን። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ጥይቶች ሊገድሉ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። በሰከንድ ከ107 ሜትር በላይ የሚተኩሱት ደግሞ አደጋውን ይጨምራሉ ይላል። ገበያ ላይ ያለ ብዙ የአየር ጠመንጃ ይህን ፍጥነት ያልፋል።

ሁለተኛው ነገር ርቀቱ ነው። የእርሳስ ጥይት ካልተገታ ከ300 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በዛፎቹ መካከል ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል። ድቡልቡል የብረት ጥይት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ጠንካራ ነገር ሲመታ ነጥሮ ይመለሳል። የሐረር ጁገልን ጠባብ መተላለፊያዎችና የድንጋይ ግንቦች ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ መነገር አለበት። ዓይኑ የተመታ ልጅ ዓይኑን ማሸት የለበትም። ውኃም አይደረግበት። የገባውን ነገር ለማውጣት አይሞከር። ዓይኑን በማይጫነው ነገር ሸፍኖ፣ ለምሳሌ በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ጋርዶ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ሰውነት ላይም ቢሆን ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ብቻ መናቅ አያስፈልግም። ጥይቷ ውስጥ ቀርታ ሊሆን ይችላል፤ ራጅ ያሳያታል። ለሐኪሙ በምን እንደተመታ በግልጽ መንገር ይገባል፤ ልጁ ተደብቆ ሲተኩስ የነበረ ቢሆንም እንኳ። ብረት ሰውነቱ ውስጥ ያለ ሰው በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራውን ኤምአርአይ ከመነሣቱ በፊት ይህ መታወቅ አለበት።

እንስሶቹም አሉ። የአየር ጠመንጃ ትንሽ ወፍ ይገድላል፤ ከዚያ ከፍ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ የሚያቆስል ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ቁጥቋጦ ያለችው ትንሽ ሚዳቋ መሰል እንስሳ፣ እንሹ፣ በእርሳስ ተመትታ ሮጣ ትሄዳለች፤ የትም ወድቃ በስቃይ ትሞታለች። ሐረር ደግሞ ጅብን በስም እየጠራ የሚያበላ ከተማ ነው። እዚያ አንድ ጅብ አቁስሎ መልቀቅ ከእንስሳው አልፎ ለሰውም አደጋ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ መነሻው የት ነው?

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የመሣሪያ ሕግ ማውጣት የከተማ አስተዳደር ወይም የክልል ሥራ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። የድሬዳዋ ምክር ቤትም ሆነ የሐረሪ ክልል በራሱ ጊዜ «የአየር ጠመንጃ ፈቃድ» የሚል ሥርዓት ሊዘረጋ አይችልም። የእነሱ ድርሻ ማስፈጸም ነው። የሚገርመው፣ ያው አንቀጽ ወጥ የመለኪያ ደረጃ ማውጣትንም ለፌዴራል ነው የሰጠው። መሣሪያውም ጁሉም ከአንድ ቤት ይወጣሉ ማለት ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። አዋጁ ሲወጣ ያስጨነቀው የሕገ ወጥ መሣሪያ ዝውውር ነበር። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥን፣ ማስገባትን ይከለክላል። የተረቀቀው በዋናነት ክላሽና ሽጉጥ ታስቦ ይመስላል። ለዚህም ነው አንድ ነጋዴ «ይሄ ዕቃ እዚህ ውስጥ ይገባል?» ብሎ ቢጠይቅ ከአንዱ ጋር አንድ መልስ፣ ከሌላው ጋር ሌላ መልስ የሚሰማው።

ጉምሩክ ጋ ግን ነገሩ ቀደም ብሎ ተለይቷል። ዓለም አቀፉ የዕቃ መለያ ሥርዓት፣ ማለትም አገሮች ሁሉ ቀረጥ የሚያሰሉበት የቁጥር መደብ፣ በሞላ፣ በአየር ወይም በጋዝ የሚሠሩ ጠመንጃዎችንና ሽጉጦችን በአንቀጽ 93.04 ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ምዕራፍ 93 የመሣሪያና የጥይት ምዕራፍ ነው። የአየር ጠመንጃ ጥይትም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ በ93.06 ሥር አለ። መጫወቻ ግን ምዕራፍ 95 ነው። ኢትዮጵያም የምትጠቀመው ይህንኑ መደብ ነው።

ይህ ተራ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። አንድ አስመጪ 20 ጁል ያለው ጠመንጃ አምጥቶ ሰነዱ ላይ «መጫወቻ» ብሎ ቢያስሞላ የሐሰት ዲክላራሲዮን ሞላ ማለት ነው። ዕቃው ሊወረስ ይችላል። «እኔ መጫወቻ መስሎኝ ነው» የሚለው መከላከያም ብዙ ርቀት አይሄድም። እንዲህ ያለ ዕቃ ለማምጣት ያሰበ ሰው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ፖሊስንና ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ አለበት። በአፍ የተሰጠ «ችግር የለውም» በጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ኬላ ላይ አይሠራም።

ሌላም ሕግ አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። እንሹን ወይም ጅግራን የገደለ ሰው በክላሽም ይግደል በአየር ጠመንጃ፣ በዚህ አዋጅ ይጠየቃል። የአየር ጠመንጃው ራሱ ፈቃድ ይፈልግ አይፈልግ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ምንም አይለውጥም።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

ጥሩ ትምህርት የሚገኘው ከስኮትላንድ ነው፤ ምክንያቱም ከነፃ ወደ ፈቃድ የተሻገረች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 ግላስጎው ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን በአየር ጠመንጃ ጥይት ተመትቶ ሞተ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ሕጉ በ2015 ወጣ፤ በሥራ ላይ የዋለው በ2016 የመጨረሻ ቀን ነው። ከ1 ጁል በላይ ላለው የአየር ጠመንጃ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰውየው ነው፤ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ሲጀመር ክፍያው 72 ፓውንድ ነበር። አመልካቹ የሚጠቀምበትን ምክንያት ማስረዳት አለበት።

ስኮትላንድ ውስጥ በዚያ ጊዜ 500 ሺህ ያህል የአየር ጠመንጃ አለ ተብሎ ይገመት ነበር። ሕጉ ከመጀመሩ በፊት ፖሊስ ያለ ቅጣት የማስረከቢያ ጊዜ ሰጠ፤ ከ10 ሺህ በላይ መሣሪያ ገባ። ይህ ቁጥር በሁለት መንገድ ይነበባል። ደጋፊው «ይሄ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ» ይላል። ተቃዋሚው ደግሞ «ከ500 ሺህ ውስጥ ይሄ ምን አላት?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እንግሊዝ ጎረቤት ሆና ሌላ መንገድ መረጠች። የጉልበት ገደብ አለ። ለጠመንጃ 16 ጁል ገደማ፣ ለሽጉጥ 8 ጁል ገደማ። ከዚያ በታች ፈቃድ የለም፤ ግን ገዢው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ሻጩ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ዕቃው ፊት ለፊት ይረከባል። ባለቤቱ ልጅ እንዳያገኘው ካልጠነቀቀም ይጠየቃል።

ጀርመን ገደቡን 7.5 ጁል ላይ አድርጋ ዕቃው ላይ ምልክት እንዲታተም አደረገች። ምልክቱን ያየ ፖሊስ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ከገደቡ በታች እንደነበር ወዲያው ያውቃል። ህንድ በ2016 ባወጣችው ደንብ ከ20 ጁል በታች የሆኑትንና ጥይታቸው 4.5 ሚሊ ሜትር የማያልፈውን ነፃ አደረገች። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የአየር ጠመንጃን ከጦር መሣሪያ አይቆጥርም፤ ባሩድ ስለሌለው። ኒው ጀርሲን የመሰለ ግዛት ግን እንደ መሣሪያ ይቆጥረዋል።

ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል። ስኮትላንድ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመንና ህንድ ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ መስመሩን ያሰመሩት በጥይቱ ጉልበት ነው።

ክርክሩ ሲመዘን

ፈቃድ ይኑር የሚሉት ሰዎች ጠንካራው ነጥባቸው የልጆች ደኅንነት ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ይታወቃል፤ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂ አለ፤ መሣሪያውን ቆልፎ ለማስቀመጥ ግዴታ ይገባል። ሁለተኛው ነጥባቸው ዝርፊያ ነው። በጨለማ ጥቁር የአየር ሽጉጥ የተደቀነበት ሰው ጁሉን አይጠይቅም፤ ስልኩን ይሰጣል።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ እውነት ነው፤ ግን ፈቃድ አይፈታውም። 1 ጁል የሌለው የፕላስቲክ ሽጉጥም ያው ያስፈራል። ይባስ ብሎ የታጠቀ ፖሊስ ፊት የተመዘዘ መጫወቻ ልጅን ሊያስገድል ይችላል። የመልክ ችግር የሚፈታው በመልክ ነው። አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ የመጫወቻ ሽጉጥ ጫፉ ብርቱካናማ እንዲሆን አዘዘች፤ የአየር ጠመንጃዎች ግን ከዚያ ውጭ ናቸው። ብሪታኒያ ደግሞ እውነተኛ የሚመስሉ አስመሳይ ሽጉጦች እንዳይሸጡ ከለከለች፤ ደማቅ ቀለም ያላቸው ይፈቀዳሉ። የአየር ጠመንጃ ፈቃድና የመጫወቻ ቀለም ሁለት የተለያዩ ሕጎች ናቸው። በአንድ ላይ ሲወሩ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ፈቃድ አያስፈልግም የሚሉት ደግሞ የሚያነሡት የአቅም ጉዳይ ነው። ፖሊስ የክላሽ ምዝገባውን ራሱ በወጉ ለመጨረስ የሚደክም ከሆነ የአየር ጠመንጃ ፋይል ማን ይከፍታል? ፈቃዱ አሰልቺ ከሆነ ሰው ሥርዓቱን ትቶ ወደ ኮንትሮባንድ ይሄዳል። ከዚያ የነበረው ጥቂት መረጃም ይጠፋል። እኔ ይህን ክርክር ከሁሉም በላይ ክብደት እሰጠዋለሁ። የማይፈጸም ሕግ ለጉቦ በር ይከፍታል፤ አንዱ ይያዛል፤ ሌላው «ሻይ» ብሎ ያልፋል።

የገበሬው ጉዳይም ይነሣል። በሐረርጌ ማሽላ የሚጠበቀው ማማ ላይ ተወጥቶ፣ በወንጭፍና በጩኸት ነው። የአየር ጠመንጃ ያግዛል የሚል ሰው አለ። ለጥቂት ወፍ ምናልባት። ግሪሳ ግን በሚሊዮን ነው የሚመጣው፤ አንድ በአንድ ተተኩሶ አያልቅም። ለጦጣና ለዝንጀሮም ቢሆን ማቁሰል እንጂ ማስቆም አይሆንም። ይህ ክርክር ሲመረመር ቀላል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስፖርቱ ግን ቦታ ሊሰጠው ይገባል። የኢላማ ተኩስ ትዕግሥትና ትኩረት የሚያስተምር፣ በ10 ሜትር አዳራሽ ውስጥ የሚሠራ ውድድር ነው። ስኮትላንድም ፈቃድ ባለው ክበብ ውስጥና በመዝናኛ ኢላማ ቦታ የሚተኩሰውን ሰው ለየብቻ ፈቃድ አትጠይቀውም። ተጠያቂው ቦታውን የከፈተው ነው። በባዛር ላይ ፊኛ በአየር ጠመንጃ የሚያስመቱ ሰዎችም በዚህ መንገድ ሊስተናገዱ ይችላሉ፤ መሣሪያው በሰንሰለት ታስሮ፣ ከኢላማው ኋላ ጥይት የሚውጥ መከለያ ተደርጎ፣ ተኳሹ መነጽር ለብሶ።

ድሬዳዋ ላይ ቁጥጥሩ የት ቢሆን ይሻላል?

ድሬዳዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ የዕቃ መተላለፊያ ናት። ባቡሩ ነው የወለዳት። ዛሬም ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርና መንገድ፣ ጉምሩኩ፣ ነፃ የንግድ ቀጣናው እዚሁ ናቸው። ይህ ለቁጥጥር ፈተና ነው፤ ዕድልም ነው። ዕቃው በየቤቱ ከተበተነ በኋላ ቤት ለቤት ከማሰስ በሩ ላይ መለየት ይቀላል።

ለዚህ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ክሮኖግራፍ የሚባል ትንሽ ማሽን አለ። ጥይቱ በሁለት የብርሃን ዳሳሾች መካከል ሲያልፍ የፈጀበትን ጊዜ ይለካል፤ ፍጥነቱን ያወጣል። ጥይቱን በሚዛን መዝኖ ጁሉን ማስላት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከአንድ ጭነት ውስጥ ጥቂቱን ናሙና ወስዶ መለካት ይቻላል። እንደ ኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ያለ የምርት ፍተሻ ተቋም ይህን ለመሥራት እንግዳ አይሆንም።

ከዚያ በሦስት ደረጃ መመደብ ይቻላል። ከ1 ጁል በታች ያለው መጫወቻ ነው፤ ፈቃድ አይፈልግም፤ ቀለሙ ግን ከእውነተኛ መሣሪያ የሚለይ ይሁን። ከ1 ጁል እስከ 7.5 ያለው ለአዋቂ ብቻ፣ በተመዘገበ ሻጭ፣ የገዢው መታወቂያ ተመዝግቦ ይሸጥ። ከዚያ በላይ ያለው እንደ መሣሪያ ተቆጥሮ ለሰውየው የግል ፈቃድ ይውጣበት። 7.5ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የውድድር ጠመንጃ እዚያ አካባቢ ስለሆነ ስፖርቱን አያፍንም። ጀርመን ስለምትጠቀምበትም ብዙ ፋብሪካ ለዚህ ልክ የሚሠራው ዝግጁ ሞዴል አለው።

እንዲህ ሲሆን የፖሊስ ሸክም ይቀላል። የግል ፋይል የሚከፈተው ለጥቂቶቹ ኃይለኛ መሣሪያዎች ብቻ ነው። መካከለኛው ላይ ተቆጣጣሪው የሻጩ መዝገብ ነው። በድሬዳዋዎቹ የታይዋን ወይም የአሸዋ ገበያ የሚነግድ ሰውም ምን መሸጥ እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል። ዛሬ ያለው ችግር ነጋዴው የሚሸጠው ዕቃ ወንጀል ይሁን አይሁን የሚያውቀው ከተያዘ በኋላ መሆኑ ነው።

ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም። ሞላው ሲቀየር ወይም የአየሩ ግፊት ሲጨመር ደካማው ጠንካራ ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ በፋብሪካ የተጻፈውን ሳይሆን በተያዘበት ሰዓት የተለካውን መመልከት አለበት። መቀየሩ ራሱም ጥፋት ይሁን። ደረጃው የሚወጣውና የሚጸናው ደግሞ በፌዴራል ነው። ድሬዳዋ ብቻዋን ብትጀምረው ዕቃው በጂግጂጋ ወይም በሐረር በኩል ዞሮ ይገባል።

በየቤቱ ያሉትስ?

ማንኛውም አዲስ ሥርዓት ትናንት የተገዛውን ዕቃ ምን እንደሚያደርገው መናገር አለበት። ዛሬ ቤቱ ውስጥ የአባቱን የድሮ የአየር ጠመንጃ ሳጥን ላይ ያስቀመጠ ሰው ነገ በአንድ ማስታወቂያ ወንጀለኛ መሆን የለበትም። ያለ ቅጣት የሚያስመዘግብበት ወይም የሚያስረክብበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ጊዜው ረዘም ይበል። ማስታወቂያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ ይነገር፤ በቀበሌ ይለጠፍ፤ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ይሰማ። ልኬቱም በነፃ ይሁን። ሰው ዕቃው በየትኛው ደረጃ እንደሚወድቅ ለማወቅ ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ ብዙው ዝም ብሎ ይደብቀዋል።

ሕጉ እስኪጠራ ድረስ ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። ጠመንጃውን ሳይጎርስ በተቆለፈ ቦታ ማስቀመጥ። ጥይቱን ለብቻ፣ ሌላ ቦታ መቆለፍ። ባለ ሲሊንደር ከሆነ አየሩን በአምራቹ መመሪያ መሠረት መቀነስ። ከከተማ ሲወጣ በመኪና ውስጥ በግልጽ አለማስቀመጥ፤ ኬላ ላይ የቆመ ጠባቂ ከሩቅ የሚያየው አፈሙዝ ነው። ሲጠየቅም «መጫወቻ ነው» ብሎ ከመከራከር የግዢውን ደረሰኝ ማሳየት።